ሠርጉ ይቅደም ወይስ ቪዛው? የቤተሰብ ፕሮሰስ እየጠበቁ ማግባት

እናት ወይም አባት አሜሪካ ሆነው ፕሮሰስ (ወደ አሜሪካ የሚወስድ የቤተሰብ ቪዛ ማመልከቻ) የጀመሩላቸው ብዙ ወጣቶች አሉ። ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። በመሃል የትዳር ጓደኛ ይገኛል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ቤተሰቡም «መቼ ነው ወግሽን የምናየው?» ማለት ይጀምራል። ያኔ ጥያቄው ይመጣል፤ ባገባ ፕሮሰሴ ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው መልሱን የሚሰማው ከጓደኛ ነው። ጓደኛው የሚነግረው ደግሞ በራሱ የደረሰውን ነው። የአንዱ መልስ ግን ለሌላው አይሠራም። ጋብቻ የአንዱን ፋይል ምንም አይነካውም። የሌላውን ወረፋ ያረዝመዋል። የሦስተኛውን ፋይል ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል፤ ያውም ማንም ደብዳቤ ሳይጽፍ፣ በጋብቻው ዕለት። በዲቪ የደረሰው ሰው ዕጣው ከወጣለት በኋላ አግብቶ ሚስቱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ያንን ያየ ሰው በቤተሰብ ፕሮሰስም እንደዚያ ይመስለዋል። አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚወስነው አንድ ነገር ነው። እናንተ ባገባችሁበት ቀን ያመለከቱላችሁ እናት ወይም አባት ግሪን ካርድ ነበራቸው ወይስ ዜግነት ወስደው ነበር? ይህን ሳታጣሩ የአዳራሽ ቀብድ አትክፈሉ።

መጀመሪያ መስመራችሁን እወቁ

ዜጋ የሆነ ወላጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነና ላላገባ ልጁ ሲያመለክት የቪዛ ኮታ ወረፋ የለም። ልጁ 21 ከሞላውና ካላገባ ኤፍ1 በሚባለው መስመር ይገባል። ካገባ ደግሞ ዕድሜው ምንም ይሁን ኤፍ3 ነው።

ግሪን ካርድ ያለው ወላጅ ያሉት መስመሮች ሁለት ብቻ ናቸው። ከ21 በታች ላለ ላላገባ ልጅ ኤፍ2ኤ፣ ከ21 በላይ ለሆነ ላላገባ ልጅ ኤፍ2ቢ። ላገባ ልጅ የሚሆን መስመር በግሪን ካርድ የለም። የነገሩ ሁሉ ሥር ይኼ ነው።

ኤፍ4 ደግሞ ዜጋ የሆነ ወንድም ወይም እህት የሚያመለክትበት ነው።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ አይ-130 (ቤተሰብ የሚያስገባው የማመልከቻ ቅጽ) ሲገባና ሲጸድቅ ከአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት (ዩኤስሲአይኤስ) የመጣው ወረቀት ላይ ይገኛል። እዚያው ላይ ፕራዮሪቲ ዴት የሚባል ቀን አለ። ማመልከቻው የገባበት ቀን ማለት ነው፤ በወረፋው ውስጥ ያላችሁን ቦታም የሚወስነው እሱ ነው። ወረቀቱ አሜሪካ ከሆነ ፎቶ አንስተው እንዲልኩላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። ነገር ግን ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ወላጅ ዜጋ ሆኖ ከሆነ መስመራችሁ ተቀይሯልና ያንንም አብራችሁ አጣሩ።

አመልካቹ ወላጅ ግሪን ካርድ ብቻ ካለው

በኤፍ2ኤ ወይም በኤፍ2ቢ እየጠበቃችሁ ካገባችሁ ፕሮሰሱ ያበቃል። ፕራዮሪቲ ዴቱም አብሮ ይጠፋል። ዘጠኝ ዓመት ጠብቃችሁ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ይህን አይቆጥርም። በኋላ ብትፋቱም የሞተው ፋይል አይነሳም። ወላጅ እንደ አዲስ ማመልከት፣ እናንተም ከወረፋው መጨረሻ መጀመር ይኖርባችኋል።

በጣም የሚያሳዝነው ይህ ብዙ ጊዜ በደስታ መካከል መሆኑ ነው። ያመለከተችው እናት ራሷ ለሠርጉ ብላ ከአሜሪካ ትመጣለች። ልጇን ትድራለች፣ መልስ ትጠራለች፣ ትመለሳለች። ፋይሉ በዚያው ሳምንት መዘጋቱን የሚነግራት የለም። የጸደቀውን ፋይል ለኢንተርቪው የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የቪዛ ማዕከል (ኤንቪሲ) ስለ ጋብቻው ስለማያውቅ ክፍያ ተቀብሎ ሊቀጥል ይችላል። ነገሩ የሚወጣው ኢንተርቪው ላይ ነው።

እዚህ መስመር ላይ ላሉ ሰዎች ሦስት ምርጫ አለ።

አንደኛው አሁን አግብቶ ፕሮሰሱን መተው ነው። ፕራዮሪቲ ዴቱ ገና የዓመት ወይም የሁለት ዓመት ከሆነና ወላጅ በቅርቡ ዜጋ የሚሆኑ ከሆነ ይህ እብደት አይደለም። ከዚያ በኋላ በኤፍ3 አዲስ ማመልከቻ ያስገባሉ። የጠፋው ዓመት ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ሳያገቡ ጠብቆ፣ ገብቶ፣ ከዚያ ማግባት ነው። ስለዚህ ወደ በኋላ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ወላጅ ዜግነት እስኪወስዱ ጠብቆ ከዚያ ማግባት ነው። በእኔ እምነት ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ይኼ ነው። ወላጅ ዜጋ ሲሆኑ ኤፍ2ቢ በራሱ ጊዜ ወደ ኤፍ1 ይቀየራል። ከዚያ ስታገቡ ኤፍ1 ወደ ኤፍ3 ይቀየራል። በሁለቱም ጊዜ የመጀመሪያው ፕራዮሪቲ ዴት አብሯችሁ ይሄዳል። አንድም ቀን አይጠፋም። ያው ሠርግ ነው፣ ያው ልጅ ነው፤ የተቀየረው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ዜግነት የሚባለው ግን የሚጀምረው ማመልከቻው በገባበት ቀን አይደለም። ፈተናው ባለፈበት ቀንም አይደለም። መሐላ በተፈጸመበት ቀን ነው። «ማዬ ፈተናውን አልፋለች» ተብሎ የተቆረጠ የሠርግ ቀን ከመሐላው በአንድ ሳምንት ከቀደመ ፋይሉ ይዘጋል። መሐላው ይፈጸም፣ ሰርተፍኬቱ እጅ ይግባ፣ ቀኑን በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ ሠርግ ይቆረጥ። ቀኖቹ ከተቀራረቡ ደግሞ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ወደ አውሮፓ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። የጋብቻ ሰርተፍኬት ላይ የሚሰፍር የተሳሳተ ቀን ትልቅ መዘዝ አለው።

ወላጆች ለምን ዜግነት ሳይወስዱ ይቆያሉ? ግሪን ካርድ ከያዙ 5 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ማመልከት ይችላሉ። ብዙ እናትና አባት የሚፈሩት እንግሊዝኛውን ነው። ይህን ፍርሃት የሚያቀሉ ሕጎች መኖራቸውን የማያውቁ ብዙ ናቸው። ዕድሜው 50 ሞልቶት በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ ሰው፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት የኖረ ሰው የእንግሊዝኛ ፈተና የለበትም። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄዎቹን በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ መመለስ ይችላል። 65 ሞልቶት 20 ዓመት ለኖረ ደግሞ ጥያቄዎቹም ይቀንሳሉ። በሕመም ምክንያት መማር ለማይችል ሰው ሐኪም የሚሞላው የነፃ መውጫ ቅጽ አለ።

ሌላው ፍርሃት የኢትዮጵያን ዜግነት ማጣት ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ ስለዚህ ሥጋቱ ተገቢ ነው። ለዚህ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው፣ ቢጫ ካርዱ አለ። ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ማፍራትን ይፈቅዳል። ወላጆቻችሁ አገር ቤት ቤት ስላላቸው ብቻ እያመነቱ ከሆነ ይህን አስረዷቸው። ሠርጋችሁን የያዘው ይህ ፍርሃት ሊሆን ይችላል።

አመልካቹ ወላጅ ዜጋ ከሆነ

እዚህ ማግባት ፋይል አይዘጋም። ወረፋውን ግን ያረዝማል። ከ21 በታች ሆኖ ያለ ወረፋ ይሄድ የነበረ ልጅ ካገባ በአንድ ጊዜ ኤፍ3 ውስጥ ይወድቃል። በ19 ወይም በ20 ዓመቱ ለሚያገባ ልጅ ዋጋው ከባድ ነው፤ ወራት የነበረው ከአሥር ዓመት በላይ ይሆናል። ለዚህ ልጅ ምክሬ አጭር ነው፤ ጠብቅ።

በኤፍ1 ያለ ሰው ምርጫው የበለጠ ማሰብ ይፈልጋል። ቁጥሩን እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ2025 በወጡት የቪዛ ቡለቲኖች (ወረፋው የደረሰበትን ቀን በየወሩ በሚያሳውቁት የአሜሪካ መንግሥት ሰንጠረዦች) ኤፍ1 የደረሰው በ2015 መጨረሻና በ2016 መጨረሻ መካከል ላመለከቱ ነበር። ኤፍ2ቢ በ2016 ውስጥ ነበር። ኤፍ3 በ2010ና በ2011 ላይ ነበር። ኤፍ4 ገና 2007 ላይ ቆይቶ በዓመቱ መጨረሻ 2008ን ነካ። ኢትዮጵያ የራሷ ዓምድ የላትም፤ የሚታየው ለብዙዎቹ አገሮች የተሰጠው የመጀመሪያው ዓምድ ነው።

ስለዚህ በኤፍ1ና በኤፍ3 መካከል ያለው ልዩነት ወደ 5 ዓመት ነው። ኤፍ3 ለምን ዘገየ? ለሁለቱም የተመደበው ቪዛ በዓለም ዙሪያ በዓመት 23,400 ነው። በኤፍ3 ግን ባል፣ ሚስትና ልጆች አብረው ስለሚመጡ አንድ ማመልከቻ አራትና አምስት ቪዛ ሊወስድ ይችላል።

አሁን ሁለት ሰዎች እናስብ። የመጀመሪያዋ ፕራዮሪቲ ዴቷ 2016 ነው፤ ኢንተርቪው ደርሷል። ዛሬ ካገባች ከባሏ ጋር አምስት ዓመት ገደማ ትጠብቃለች፤ ቡለቲኑ ከቆመ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ሳታገባ ከገባች ግን ግሪን ካርዷን ይዛ ትመለሳለች፣ ታገባለች፣ ለባሏ በኤፍ2ኤ ታመለክታለች። ኤፍ2ኤ በ2025 በአብዛኞቹ ወራት ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጅ ነበር። በዚያ መሃል እሷ ትሠራለች፣ የስፖንሰርነት ገቢዋን ታደላድላለች፣ እየመጣች ትጠይቀዋለች። 5 ዓመት ሞልቷት ዜጋ ከሆነችና እሱ ገና ካልሄደ ወረፋው ይቀርለታል። ለእሷ ቢዘገይ የሚሻለው ሠርጉ ነው።

ሁለተኛው ፕራዮሪቲ ዴቱ 2022 ነው። ሳያገባ ቢጠብቅ ገና ብዙ ዓመት ቀርቶታል። ዕድሜው 29 ከሆነ 35 ሊያልፍ ነው። የሚወዳት ሴትም ያን ያህል ጠብቂ ልትባል ነው። ወላጁ ዜጋ ስለሆነ ቢያገባ ፋይሉ አይሞትም፤ ይረዝማል እንጂ። ለዚህ ሰው አግባ እላለሁ። ተራው ሲደርስ ሚስቱና ልጆቹ በአንድ አውሮፕላን አብረውት ይሄዳሉ። ወጣትነቱን ሙሉ ለቡለቲን አሳልፎ መስጠት የለበትም።

ድንበሩን የት ላድርገው? ቀናችሁ በቡለቲኑ ሊደርስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከቀረው ጠብቁ። አምስትና ከዚያ በላይ ከቀረው አግቡ። በመካከል ያለ ሰው ከእጮኛው ጋር ተቀምጦ ይነጋገር። ተለያይቶ መኖር አንዳንድ ትዳር ይችለዋል፣ አንዳንዱ አይችለውም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ዜጋ ወላጅ ያለው ሰው አግብቶ ኤፍ3 ከሆነ በኋላ ቢፋታ ወደ ኤፍ1 ይመለሳል፤ ፕራዮሪቲ ዴቱም አይጠፋም። ይህን ሰምተው «በወረቀት እንፋታና ቪዛው ሲመጣ እንደገና እንጋባ» የሚሉ ባልና ሚስቶች አሉ። አታድርጉት። አብረው እየኖሩ፣ ልጅ እያሳደጉ የተደረገ የወረቀት ፍቺ ማጭበርበር ተብሎ ሊያዝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻው ከባድ ነው።

«ኒካህ ብቻ ነው»፣ «ሽማግሌ ብቻ ነው»

ብዙ ሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ካልፈረመ ያገባ አይመስለውም። የኢትዮጵያ ሕግ እንዲህ አይልም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም፣ በሃይማኖት የሚፈጸም፣ በባህል የሚፈጸም። ሦስቱም ውጤታቸው እኩል ነው። ይህ የፌዴራል ሕግ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። አሜሪካ ደግሞ ጋብቻውን የምትመዝነው በተፈጸመበት አገር ሕግ ነው።

ስለዚህ ተክሊል የደረሱ ጥንዶች ተጋብተዋል። ኒካህ ያሰሩ ተጋብተዋል፤ ድግሱ ለከርሞ ቢቀጠርም ተጋብተዋል። በአካባቢው ባህል ወግ ተሠርቶ የተዳረች ልጅ ሰርተፍኬት ባይኖራትም አግብታለች። ሽምግልናና ቀለበት እጮኝነት ናቸው፤ በራሳቸው ጋብቻ አይደሉም። ችግሩ አንዳንድ አካባቢ የሽምግልናው ቀን ኒካሁም አብሮ መታሰሩ ነው። በሳዑዲ ወይም በዱባይ ያላችሁ፣ እዚያ የታሰረ ኒካህም ይቆጠራል።

ሳይጋቡ አብሮ መኖር በሕጉ ከጋብቻ የተለየ ነገር ነው። ነገር ግን ቤተሰብና ጎረቤት ሁሉ ባልና ሚስት ብሎ የሚያውቃቸውን ሰዎች ፍርድ ቤት ተጋብተዋል ሊል የሚችልበት አንቀጽም አለ። እንዲህ ከሆናችሁ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ሳይጋቡ የተወለደ ልጅ ካለ ደግሞ በፎርሙ ላይ አስመዝግቡት። ልጅ መኖሩ በኤፍ1ም በኤፍ2ቢም ችግር የለውም። ከ21 በታችና ያላገባ ከሆነ አብሯችሁ ሊሄድም ይችላል። የተደበቀ ልጅን በኋላ ማምጣት ግን መከራ ነው።

ደብቆ መሄድ

ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች አሉ። «ቀበሌ ያላገባ የሚል ወረቀት ይጽፍልሃል፣ ማን ያውቃል?» ይላሉ።

ብዙ ነገር ያሳውቃል። ዲኤስ-260 የተባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም ያለፉትን አምስት ዓመታት የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞቻችሁን ይጠይቃል፤ የሠርግ ቪዲዮው ደግሞ ቲክቶክ ላይ አለ። ይህን ብታልፉ እንኳን ትልቁ ወጥመድ በኋላ ይመጣል። የደበቃችሁትን ባል ወይም ሚስት ለማምጣት ስታመለክቱ የትዳራችሁን ማስረጃ ታቀርባላችሁ። ፎቶዎቹ፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻው ቀን፣ ሁሉም ወደ ኋላ ይናገራል። ያኔ የሚጠየቀው የእሱ ቪዛ ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ግሪን ካርድ ነው። ሐሰት በመናገር ቪዛ ማግኘት ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ ቢኖርም ጠባብ ነው። ዜግነት ስትጠይቁም ፋይሉ ተመልሶ ይከፈታል።

ቪዛው ፓስፖርት ላይ ከተመታ በኋላ፣ ከመብረር በፊት በጥድፊያ የሚደረግ ኒካህ ወይም ቃል ኪዳንም ያው ነው። ያላገባ ተብሎ የተሰጠ ቪዛ የሚሠራው ላላገባ ሰው ነው፤ እስከ አሜሪካ አየር ማረፊያ ድረስ። ግሪን ካርድ ያዥ የሚያደርጋችሁ መግቢያው ላይ የሚመታው ማኅተም ነው። ከዚያ በኋላ በማግስቱ ተመልሳችሁ ብታገቡ ማንም አይጠይቃችሁም።

ሌሎች ሁኔታዎች፣ በአጭሩ

ወንድም ወይም እህት በኤፍ4 ያመለከቱላችሁ ከሆነ እንደፈለጋችሁ አግቡ። የትዳር ጓደኛና ከ21 በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆች አብረው ይሄዳሉ። ጥንቃቄው ለልጆቹ ነው፤ አብሮ የሚሄደው ልጅ ካገባ ከፋይሉ ይወጣል።

የምታገቡት ሰው የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ የወላጅ ፋይል ቢዘጋም ብዙ አትጎዱም። ዜጋ ለትዳር ጓደኛው ሲያመለክት የኮታ ወረፋ የለም። ስትገቡ ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው ግሪን ካርዱ የሁለት ዓመት ብቻ ይሆናል፤ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ማስቀየሪያው ይገባል። የምታገቡት ሰው ግሪን ካርድ ብቻ ካለው ግን አስሉ። በኤፍ2ኤ አዲስ ወረፋ ከመጀመር የደረሰ የወላጅ ፕሮሰስ ይሻላል።

ሳያውቁ ያገቡ ካላችሁ

ወላጅ ግሪን ካርድ ላይ እያሉ አግብታችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሁለቱን ቀኖች አስተያዩ፤ የመሐላውንና የጋብቻውን። ሳይነግሯችሁ ዜግነት ወስደው የነበሩ ወላጆች አሉ። መሐላው ከቀደመ ፋይላችሁ በኤፍ3 በሕይወት አለ። የዜግነት ሰርተፍኬቱንና የጋብቻ ሰርተፍኬቱን ቅጂ ለኤንቪሲ ላኩና መስመሩን አስቀይሩ። ጋብቻው በሃይማኖት ወይም በባህል ከነበረ በወሳኝ ኩነት አስመዝግባችሁ ሰርተፍኬት አውጡ፤ ቀኑ የተጋባችሁበት ትክክለኛ ቀን ይሁን።

ጋብቻው ከቀደመ ለድሮው ፋይል ተጨማሪ ክፍያ አትክፈሉ። ወላጅ ዛሬ ዜጋ ከሆኑ በኤፍ3 አዲስ አይ-130 ያስገቡ፤ በኦንላይን ሲገባ 625 ዶላር፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው። ገና ካልሆኑ የዜግነቱን ማመልከቻ ያስገቡ። 5 ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይፈቀዳል። ወረፋው ከዜሮ ስለሚቆጠር እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው።